ተረኞች

ተሰሎንቄ ነጋ፣ ሚያዝያ ማለቂያ፣
ደብተር በብብቴ፣ እርሳስ ለመጻፊያ፣
ወፍ ቆጣሪ ነኝ እኔ፣ በዚህ መንደር፣ በካላማሪያ።

ከዳቦ ቤቱ ደጅ ድንቢጥ፣ ሠላሳ አራት፤
ከኤሌክትሪክ ሽቦው ቁራ፣ አምስት ወይ ስድስት፤
ከዘንባባው አናት የበቀቀን ጫጫታ፣
ከሽቦ ቤት ያመለጠ፣ ዛሬ የዛፍ ጌታ፤
ወንጭፊቶች ከላይ ሰማዩን እንደ ጨርቅ ቀደዱ፣
የባሕር ወፎች በቆሻሻ ገንዳ ተፋረዱ።
ጭልፊቷ ከደወል ቤቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችኝ፤
«አንድ» ብዬ ጻፍኳት፤ እሷም «አንድ» ብላ ቆጠረችኝ።

ሰው ከተማ ሲሠራ ወፍን አላማከረም፤
ወፍም ከተማ ሲገባ ኪራይ አልተዋዋለም።
ቀዳዳ ካገኘ ይገባል፣ ሽቦ ካገኘ ይሰፍራል፤
ባዶ ነው ያልነው ሁሉ ከነባለቤቱ ይገኛል።

ዋኖሶቹ ጋ ስደርስ እርሳሴ ቆመ፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በፖሊክሴኒ ሰገነት፣ አንድ ጎጆ ቆመ።
ጎጆ ካሉት ነው እንጂ!
አሥራ አንድ ጭራሮ፣ ቁራጭ ሽቦ፣ የአይስክሬም ማንኪያ፤
ከሥር ሆኜ ሳይ፣ ብርሃን ያልፋል በእንቁላሉ ዙሪያ።
ወንዱ፣ ማተብ የመሰለ ጥቁር ክር ባንገቱ፣
ሽማግሌ አልላከ፣ ሰማኒያ አልፈረመ፤
ሦስቴ ጎንበስ ቀና ብሎ «ኩ ኩኡ ኩ» አዜመ፣
እሷም አንገቷን ሰጠችው፣ በቃ፣ ተፈጸመ።

ቀን ቀን እሱ ያቅፋል፣ ማታ ማታ ሴቷ፤
ከረፋድ እስከ አመሻሽ የሱ ነው፣ ሌሊቱ ግን ርስቷ።
ሲቀያየሩ አይቻለሁ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ፣
ብርድና እንቁላል ለትንፋሽ ያህል እንኳ ሳይግባባ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጫጭ እንቁላል
ጥቁርና ነጭ ለባሽ፣ ጅራተ ረጅም ሌባ ወስዷል።
«አልተሳካም» ስል ጻፍኩ። ፖሊክሴኒ ከላይ
«ደብተርህን አትዝጋ» አለችኝ፣ «ገና ባልመሸ ነገር ላይ።»
በስምንተኛው ቀን ሌላ ጥንድ፣ እዚያው ጭራሮ ላይ።

ግንቦት ሲገባ ቀለም ቀቢዎች መጡ፣ የብረት መወጣጫ ቆመ፤
ፋትሚር፣ የሽኮደር ልጅ፣ ባልዲውን ይዞ ወደ ላይ አዘገመ።
ከማቀዝቀዣው ሳጥን ጀርባ አንድ ቀይ ዓይን ጠበቀው፤
ወፉ ክንፉን አልዘረጋም፤
ነፍሱ ብትሠጋም ሥራውን አልዘነጋም።
ፖሊክሴኒ በመስኮት፦ «አባትየው ነው፤ እናትየው ማታ ትገባለች።»
ፋትሚር ሳቀ። «የኔዋም ነርስ ናት፤ ስገባ ትወጣለች።
ሰባት ዓመት ሆነን፣ በር ላይ ነው የምንገናኝ፤
ቁልፉ ሳይበርድ ከእጇ ይደርሰኛል፣ እሱ ሙቀት ነው የሚያስተኛኝ።»

ብሩሹን አራገፈ። የበላዩን ቀባ፣ የበታቹን ቀባ፤
ከሳጥኑ ጀርባ ግን፣ ክንድ ተኩል የሚያህል
አሮጌ ቢጫ ግድግዳ ቀረ። አለቃው «ምንድን ነው?» ሲል፣
«እርጥበት ነው፤ ሲደርቅ እመለሳለሁ» አለው፣ በልጆቹ ሲምል።
ልጅ የለውም።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ እንግዲህ ያየሁትን ልበል፦
ጡት የሌለው አባት፣ ከእናቲቱ እኩል፣
ከጉሮሮው ከረጢት ወተት አመንጭቶ ያጎርሳል፤
ማን ነው እሱን «አባት ብቻ» የሚል?

ፋትሚር አልተመለሰም። ሰኔ ላይ ጫጩቶቹ ጎጆ ወጡ፤
ወይም ከጎጆ ወጡ፤ ለወፍ ሁለቱም አንድ ነው።
እናትና አባት በሳምንቱ ሌላ ጭራሮ አመጡ።

ቅጹ ላይ ዓምድ አለ፦ ዓይነት፣ ብዛት፣ ሰዓት፣ ቦታ፤
ለዚያች ቢጫ ግድግዳ ግን የተተወ መስመር የለም።
ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦ «ዋኖስ ሁለት፤ ሰው ሁለት፤
በየተራ፤ ቀንና ማታ።»